የተነሳ ብሪጅ፣ የብረት ክር እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ብሪጅ ናቸው፤ ጊታሩ ፊት ላይ ተለጥፎ ክሮቹ ስለሚታሰሩበት እንጨት ማለት ነው። ርካሽ ጊታር የገዛ ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል መሰለኝ።

አንድ የሐዋሳ ተማሪ የጊታሩ ብሪጅ ከኋላ በኩል ተነስቶበት ሱፐር ግሉ ጠብ አደረገበት፣ መዝገበ ቃላት ጫነበት፣ በሳምንቱ ተመልሶ ተነሳ። ምን ላድርግ ይላል።

መጀመሪያ ሱፐር ግሉውን አርቀው። ስድስቱ የብረት ክሮች ሲቃኙ በአንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ ይስባሉ። ይህን ሁሉ የሚችለው ከብሪጁ ስር ያለችው ስስ ኮላ ናት። ርካሽ ጊታር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ብሪጁ የሚለጠፈው በቫርኒሹ ላይ ነው፤ ኮላው እንጨቱን በደንብ አያገኘውም። አንተ በስንጥቁ የምታንጠባጥበውም አሮጌ ኮላና ቫርኒሽ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ አይዝም። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ከስር ደጋፊ ስለሌለ የጊታሩን ፊት ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ክሩን አላላ። የወረቀት ጫፍ በስንጥቁ ስደድ። ጫፍ ላይ ብቻ ቆመ? ተወው፣ በየጊዜው እየለካህ ተከታተለው። ጠልቆ ገባ? ያኔ ብሪጁ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት፣ አቋራጭ የለውም። ስልክህን በቀዳዳው አስገብተህ ከስር ፎቶ አንሳ፤ አንዳንዱ ብሎን ተደብቆበታል፣ ሳይፈቱት ቢታገሉ ፊቱን ይገነጥላል። ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ምልክት አድርግ፤ ትንሽ ቢንሸራተት ወደ ብሪጁ በቀረቡት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ስትጫወት ቅኝቱ አይገጥምም። ክሩ የሚያርፍበትን ነጭ ፕላስቲክ አውጣ፣ ዙሪያውን በካርቶንና በፎይል ሸፍን፣ የልብስ ካውያ መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርገህ ብሪጁ ላይ አስቀምጥ። መስኮት ክፈት፣ ሱፐር ግሉ ሲሞቅ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ ስስ ቢላ ከኋላ በኩል ቀስ እያልክ አስገባ። እምቢ ካለህ ጨምረህ አሙቅ እንጂ አትግፋ፤ የእንጨቱ ክር ተላጦ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ዋናው ሥራ፦ አሮጌውን ኮላ ከሁለቱም ጠርገህ፣ ብሪጁ የሚያርፍበትን ቫርኒሽ ከጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ገባ ብለህ እስከ እንጨቱ ፋቅ። የአናጺ ኮላ ስስ አድርገህ ቀባ። በቀዳዳው በሚገባ ረጅም ማጥበቂያ፣ ከስር ጣውላ ደግፈህ አጥብቀው። የተረፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። 24 ሰዓት አትንካው። ማጥበቂያ ከሌለህ ከአናጺ ተዋስ። ጊታሩ ውስጥ ከብሪጁ ስር የተለጠፈው ጣውላ ወይም ድጋፍ ተሰንጥቆ ካገኘኸው፣ ያው፣ ሠሪ አሳየው።

ከዱባይ አንዲት እህት በናይሎን ጊታሯ ላይ የብረት ክር አስራ ብሪጁ ብድግ አለ። እህቴ፣ የናይሎን ክር የሚስበው 40 ኪሎ ገደማ ነው፣ ጊታሩም የተሠራው ለዚያ ነው። ናይሎኑን መልሺበት። ደግሞ "መኪና ውስጥ ነው የማስቀምጠው" ያልሽውን ሳነብ ደነገጥኩ። በእናንተ በጋ የተዘጋ መኪና ውስጡ 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ ኮላው ይለሰልሳል። ብሪጁ ባይነሳ ነበር የሚገርመኝ።

ማታ ማታ ክር ላላላ? አያስፈልግም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አባት ከወንድማቸው የወረሱት አሮጌ ጊብሰን (ስመ ጥር የአሜሪካ ጊታር) ብሪጁ ተነስቶ ልጃቸው "ዩቲዩብ አይቼ እሠራዋለሁ" ብሏል። ጌታዬ፣ እባክዎ ያስቁሙት። ከላይ ለተማሪው የጻፍኩት ጊታሩ ቢበላሽ የሚጠፋው ትንሽ ስለሆነ ነው። የእርስዎ ግን ዋናው ቫርኒሽ አንዴ በካውያ ከተቃጠለ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል። ክሩን አላልተው ቦርሳው ውስጥ ይክተቱትና አሮጌ ጊታር የሚጠግን ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። ካውያውንም ይደብቁበት።

"ክራር ላይ ለምን አይነሳም?" ላልከው ወንድሜ፦ አልተለጠፈማ። ክሩ ራሱ ቆዳው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል።