ባለ ግቢው ቤት ወይስ አራተኛ ፎቅ?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ ሰሚት አካባቢ ተከራይተን የምንኖር የሁለት ልጆች ወላጆች ነን። ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ወንዱ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውን ናቸው። አከራያችን ቤቱን ለልጃቸው ስለፈለጉት እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቁልኝ ብለውናል።

ከቁጠባ፣ ከዕቁብና ከወንድሜ ብድር ያሰባሰብነው ገንዘብ ከሁለት ቤቶች አንዱን ያስገዛናል። አንደኛው ቦሌ አራብሳ ያለ ባለ ሁለት መኝታ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጂ+4 ሕንፃ ላይ የመጨረሻው ፎቅ። ሻጩ ዕጣ የደረሰው ሰው ነው፣ “ውክልና እሰጣችኋለሁ” ይላል። ሁለተኛው ወደ ለገጣፎ ወጣ ብሎ በ150 ካሬ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ፣ ውጭ ማድ ቤትና ጉድጓድ ሽንት ቤት አለው። ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ መብራቱ ከጎረቤት ቆጣሪ የተሳበ ነው። ካርታ የለውም። ሻጩ ከገበሬ የገዛበትን ውል አሳይቶናል፣ ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመውበታል።

ባለቤቴ ልጅ አፈር ረግጦ ነው የሚያድገው፣ ፎቅ ላይ ተቆልፎ አይደለም ይላል። እውነት አለው። እኔ ግን መገናኛ ነው የምሠራው፣ እሱ ደግሞ መርካቶ፤ ከለገጣፎ ማዶ ማን ልጆቹን ያመላልሳል? ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን ያስፈራኛል። በረንዳው ገና ሳየው ነው ልቤ የመታው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ ሁሌም አይደርስም ይላሉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አይውሉም፤ ያንን ሁሉ ደረጃ እንዴት ይወጡታል? የቱን ብንገዛ ለልጆቻችን ይሻላል?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከሰሚት

*

ውድ እህታችን፣

የለገጣፎውን ቤት አትግዙ። ስለ ግቢና ስለ በረንዳ ከመነጋገራችን በፊት ይህን ማስቀደም አለብኝ፤ ምክንያቱም ልጆች የሚያድጉበት ቤት ከሁሉ በፊት ነገ የማይፈርስ መሆን አለበት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ሻጩ ያሳያችሁ ውል ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ቢመሰክር ነው እንጂ ቦታውን የእሱ አላደረገውም፣ የእናንተም አያደርገውም። የሽማግሌዎቹ ፊርማም አያድናችሁም፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዛል። “ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው” ሊሏችሁ ይችላሉ። በየካቲት 2011 በዚያው በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ተብለው ከፈረሱት ቤቶች ውስጥ ግብር የከፈሉ፣ መብራትና ውሃ ያስገቡ ሰዎችም ነበሩ። የግብር ደረሰኝ ካርታ አይሆንም። አካባቢው ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው። ስለዚህ ወደፊት በዚያ በኩል ካርታ አለው የተባለ ቤት ብታገኙ እንኳ ማጣራት ያለባችሁ እዚያው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ቀርባችሁ ነው።

ወረቀቱ ቢስተካከል ኖሮ እንኳ ይህን ቤት ለሁለት ዓመት ሕፃን አልመርጠውም ነበር፤ ያስፈራኝ ውሃው ነው። የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። 150 ካሬ ማለት ለምሳሌ 10 በ15 ሜትር ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 18 ሜትር ብቻ። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ሁለቱን ማራራቅ አይቻልም። የእናንተን ብታርቁ ደግሞ የጎረቤት ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ አለ። ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ሲል ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ውሃው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥርም፣ ተቅማጡ ግን ሕፃኑን ይደጋግመዋል። ከጎረቤት የተሳበው መብራትም ቢሆን ምጣድ ሲጣድ የሚግል ቀጭን ገመድ ነው፤ ባለ ቆጣሪው የተቀየማችሁ ዕለት ደግሞ ጨለማ ነው።

እንግዲህ ወደ ኮንዶሚኒየሙ። እዚህም አንድ መቆም ያለበት ነገር አለ፤ ውክልናው። የ20/80 ቤት ዕጣ የደረሰው ሰው ውል ከፈረመ 5 ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ ማስተላለፍ አይችልም። ብዙ ሻጮች ይህን ለመዝለል ነው ውክልና የሚሰጡት። ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ እናንተም ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ትቆማላችሁ። ስለዚህ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ ውሉን የፈረምከው መቼ ነው? 5 ዓመቱ ካለፈ የጊዜ ገደቡ ስም ከማዛወር ስለማይከለክለው ውክልና ለምን አስፈለገ በሉት። ካላለፈ ይቅርባችሁ፤ ሳይቱ ላይ ጊዜው የሞላለት ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም መፈረም አለባት፤ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። የቤቱ ዋጋ 80 በመቶ የተሸፈነበት የባንክ ብድር ከምን እንደደረሰ በጽሑፍ ይምጣ፣ ከክፍለ ከተማው ደግሞ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ ይውጣ።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ኮንዶሚኒየም ግዙ፤ አራተኛ ፎቅ ግን አትኑሩ።

የእናትዎ ጉልበት አንዱ ምክንያት ነው። በቀን አንዴ የሚወርዱት ደረጃ ከጥቂት ወራት በኋላ በሳምንት አንዴ ይሆናል፣ ከዚያ ጨርሶ ይቀራል፤ ቤት የዋለ አረጋዊ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሌላው ውሃው ነው። ለአምስት ሰው በቁጠባ በቀን 200 ሊትር ያህል ይበቃል እንበል። ፈረቃው በአራት ቀን አንዴ ቢሆን 800 ሊትር ማጠራቀም አለባችሁ ማለት ነው። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ያልደረሰ ጊዜ ይህ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 40 ጊዜ መሸከም ይሆናል። ብዙ ሰው ከዚህ ለመዳን በረንዳ ላይ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ያስቀምጣል። ይህን በፍጹም አታድርጉ! አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያርፋል፣ ተንጠልጥሎ የወጣ በረንዳ ደግሞ ለዚህ ክብደት ተሰልቶ አልተሠራም። የመጀመሪያው ምልክት በረንዳው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የሚታይ ስንጥቅ ነው፤ እሱን ያየ ሰው ሮቶውን ባዶ ማድረግ ያለበት ዛሬውኑ ነው።

መፍትሔው ይሄ ነው። የገዛችሁትን አራተኛ ፎቅ አከራዩት፣ በዚያው ሳይት አንደኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ተከራዩ። የታችኛው በኪራይ ትንሽ ይወደድ ይሆናል፤ ልዩነቱን ከእናትዎ መድኃኒትና ከውሃ ተሸካሚ ክፍያ ጋር አወዳድሩት። በግዢውም ቢሆን መጀመሪያ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ጠይቁ። ምድር ቤት ለእናትዎ ቢመችም አንድ ችግር አለበት፤ ከላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ፍሳሽ የሚወርደው በአንድ ቱቦ ነው፣ ታች ላይ ከተደፈነ ቆሻሻው የሚገነፍለው በምድር ቤቱ መጸዳጃ በኩል ነው። ምድር ቤት ካገኛችሁ ከሕንፃው ጎን ያለውን ማንሆል ከፍታችሁ እዩት፤ ውሃው ቆሞ ከታየ ተዉት።

የመጨረሻው ፎቅ ራሱ የጣሪያ ጉዳይም አለበት። አሁን በጋ ስለሆነ ጣሪያው ቢያፈስም አይታይም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ዳር ያለው ክብ ምልክት ፈልጉ፣ በተለይ የዝናብ መውረጃው በሚያልፍበት ጥግ። ከቤቱ ሁሉ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥሩ። ጣሪያው የጋራ ንብረት ስለሆነ ጥገናው የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ነው፤ የማኅበሩን ሰብሳቢ አግኝታችሁ ለጥገና ገንዘብ ይሰበሰባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አይሰበሰብም ካሏችሁ ክረምቱን በባልዲ ነው የምትገፉት።

አሁን በረንዳው። ልብዎ መምታቱ ትክክል ነው። ሜትር ይዛችሁ ሄዳችሁ ለኩት፤ ከወለሉ እስከ ላይኛው ብረት 110 ሴንቲ ሜትር፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት። ከዚህ ከሰፋ የሕፃን አካል ያሾልካል። ብረቶቹ አግድም ከሆኑ ለሁለት ዓመት ልጅ መሰላል ናቸው፤ ቁመቱ ስለበቃ ብቻ አትተማመኑ። ብረት ሠራተኛ ጠርታችሁ ከውስጥ በኩል እስከ ላይ ድረስ ለስላሳ ላሜራ ወይም ጣቱ የማይገባበት ጠባብ ወንፊት ሽቦ አስበይዱበት። ከዚያ በረንዳው ላይ ዱካ፣ ጄሪካን፣ የልብስ ባልዲ አይቀመጥ፤ ሕፃኑ ገፍቶ ይወጣበታል። መስኮት ሥር አልጋ አይዘርጋ። ባልዲና በርሜል ሁሉ ክዳን ይኑረው፤ ሕፃን በግማሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ በጭንቅላቱ ተዘቅዝቆ ሊሰጥም ይችላል።

ከሁሉ በላይ የምፈራላችሁ ከሰል ነው። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ ቡናውን እንደ ድሮው ሳሎን ያፈላል፣ ማታ ሲበርድ ምድጃውን መኝታ ቤት ያስገባል። የጭቃው ቤት በጣሪያውና በበሩ ሥር ይተነፍስ ነበር፤ ኮንዶሚኒየሙ ተዘግቷል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል፣ ሕፃናትን ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ይጎዳል። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭስ ስላቆመ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ቡና ሲፈላ መስኮትና በር ይከፈት፤ ከሰል መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ።

ምጣዱንም ልጨምር። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ይህ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው፤ የተራ ሶኬት የመጨረሻ አቅም። ለሰዓታት ሲጋገርበት ሶኬቱ ይቀልጣል። ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አስስባችሁ የራሱን ብሬከር አስገቡለት።

የባለቤትዎ ሐሳብ ግን ከዚህ ሁሉ መካከል እንዳይጠፋ። ልጅ መሮጫ ያስፈልገዋል ማለታቸው ልክ ነው፣ ቤት ስትመርጡም መመዘኛ አድርጉት። ብሎኩን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እዩት። በብሎኮቹ መካከል ያለው ሜዳ ላይ ልጆች ይጫወታሉ ወይስ መኪና ሞልቶበታል? ከመስኮታችሁ ይታያል? የስድስት ዓመቷ ልጅዎ ከእኩዮቿ ጋር ገመድ የምትዘልበት ሰፈር ውስጥ መኖሯ፣ በር ተዘግቶበት ብቻዋን ከምትሆንበት 150 ካሬ ግቢ ይሻላታል ብዬ አምናለሁ። ወንዱ ግን ብቻውን መውረድ የሚችለው ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንድ አዋቂ በየቀኑ ሊያወርደው ይገባል። አንደኛ ፎቅ ከሆናችሁ እናትዎ ይህን ማድረግ ይችላሉ።

መንገዱን ደግሞ በሥራ ቀን፣ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከብሎኩ በር ተነሥታችሁ እስከ መገናኛና እስከ መርካቶ ሞክሩት፤ እሑድ የተለካ መንገድ ያታልላል። ትምህርት ቤቱ ልጅቷን የሚለቃት እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ከሆነ ማን እንደሚቀበላት ከወዲሁ ይወሰን።

ባለ ግቢ ቤቱን ለዘለዓለም ተዉት አልልም። ወንዱ ትምህርት ሲጀምር፣ በሊዝ ወይም በነባር ይዞታ ካርታ ያለው፣ የራሱ ቆጣሪና የቧንቧ መስመር የገባለት ቤት ብታገኙ ኮንዶሚኒየሙን ሽጣችሁ ግዙት። ያኔ አፈሩን እዩ። በገላን፣ በአቃቂና በኮዬ ፈጬ በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ መሠረቱ ከዚያ አፈር አላለፈም ማለት ነው።

ሰኔ ቅርብ ነው፣ ሻጭ ደግሞ ቀብድ ለመቀበል ይቸኩላል። ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሻጭ ከቀየረ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የውሉን ቀን፣ የባንኩን ወረቀትና የዕዳና እገዳ ማረጋገጫውን በዓይናችሁ ሳታዩ አንድ ብር እንዳትሰጡ። ጊዜው ካልደረሰላችሁ አከራያችሁን ሁለት ወር እንዲጨምሩላችሁ ለምኗቸው፣ እምቢ ካሉም እዚያው አራብሳ ተከራይታችሁ ግቡና ቤቱን እዚያው ሆናችሁ ፈልጉ።