ጠይቁኝ፦ የነሐሴ መጨረሻ ዝናብ በሰሜን ሸዋ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ሰማዩ ጤና የለውም። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዶፍ፣ ማታ መብረቅ። ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ረጅም ዘመን ዝናብ የለካሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ነሐሴ 24 እስከ ማታ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ስትጠይቁ ቦታችሁን ጻፉ። «በኛ አካባቢ» ብሎ ጥያቄ አይሆንም። ሰሜን ሸዋ አንድ አካባቢ አይደለም።

ስም የሌለው ጠያቂ፦ ጋሼ ነገ ይዘንባል?

መልስ፦ ቦታ!

ሽንኩርት ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ትናንት «ቀላል ዝናብ፣ 18 ዲግሪ» አለኝ። እዚህ ግን ላብ በላብ ሆነን ውለን ጠብታ አልወረደም። አፕ ልቀይር?

መልስ፦ ብትቀይርም ያው ነው። አፑ ሰማይ አያይም። ከዓለም አቀፍ ሞዴል፣ ማለትም የአየሩን ጠባይ በኮምፒውተር ከሚያሰላ ፕሮግራም፣ ቁጥር ተቀብሎ ነው የሚያሳይህ። ሞዴሉ ደግሞ ምድርን በካሬ በካሬ ይከፍላታል። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካው ሞዴል በነፃ የሚለቀው መረጃ የካሬው ጎን 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል ይሻላል፣ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ወርዷል።

አሁን ከጣርማ በር እስከ አንተ ሱቅ አስብ። በመኪና 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በቀጥታ ከለካኸው ደግሞ ከዚያ በጣም ያንሳል። ከፍታው ግን ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ታች 1,300 ገደማ። ካሬው ሰፊ ከሆነ ሁለቱን አደባልቆ አንድ ለስላሳ ዳገት ያደርጋቸዋል። ጋቢ የደረበውንና በካናቴራ የሚሄደውን ደምሮ ለሁለት እንደ ማካፈል ነው። 18 ዲግሪው ያንተም አይደለም፣ የጣርማ በርም አይደለም። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ፣ በሁለታችሁ መካከል ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ።

አፑን ግን አትጣለው። «ሳምንቱ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» ለሚለው ይጠቅማል። «በስንት ሰዓት፣ የትኛው ቀበሌ?» ካልከው ይዋሽሃል።

መምህርት፣ ጫጫ፦ «60 በመቶ ዝናብ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ቀን አሥር ጊዜ ቢመጣ በስድስቱ ትረጥቢያለሽ ማለት ነው። ቀኑን 60 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። ስለ ብዛቱም ምንም አይልም። ካፊያም ዶፍም ያው 60 ነው።

ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ ሰሞኑን ዝናቡ ሁልጊዜ ከሰዓት ነው። ሐምሌ ላይ እንዲህ አልነበረም። ለምን?

መልስ፦ ጎሽ! እንዲህ ነው መጠየቅ። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ተሸፍኖ ይውላል። ካፊያው አያባራም፣ ቁጣ ግን የለውም። አሁን ደመናው መሰንጠቅ ጀምሯል። ጠዋት ፀሐይ ታገኛለህ። መሬቱ ሁለት ወር ሙሉ ሲጠጣ የከረመ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው እርጥቡ አየር ይነሣል። አምስት ስድስት ሰዓት ላይ የተበጠረ ጥጥ የመሰለ ደመና እዚህም እዚያም ታያለህ። ጥጡ ጥጥ ሆኖ ከቀረ ሰላም ነው። እንደ አበባ ጎመን እየተቆለለ ወደ ላይ ካደገ ልብስህን ከገመድ አውርድ። አናቱ እንደ ምጣድ ከተዘረጋ ደግሞ መብረቅና በረዶ ሊያመጣ ስለሚችል ራስህም ግባ።

ሌላው፣ ወደ ምሥራቅ እይ። በክረምት ከላይ ያለው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከአንኮበር ገደል በኩል ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የማርያም መቀነት በምሥራቅ ስታይ «አባራ» ብለህ ጃንጥላህን አትጠፍ። ዝናቡ ገና ወዳንተ እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ከአንኮበር፦ ጋሼ፣ አባቶች «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ብለዋል። ቡሄ ካለፈ 11 ቀን ሆነው። ይሄ ሁሉ የምን ዝናብ ነው?

ከምንጃር፦ ተረት ነው፣ ተወው።

ከአንኮበር፦ አባቶችን ተረት ማለት ነውር ነው ወንድሜ።

ከምንጃር፦ አባቶችማ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ልጆቻቸውን ያስጠምቁ የለ? ክረምቱ በቡሄ ካለቀ ያ ዝናብ ከየት ይመጣል?

ከአንኮበር፦ እሱ ጸበል ነው። ሌላ ነገር ነው።

ከምንጃር፦ ጸበሉስ ከደመና አይደለም እንዴ የሚወርደው?

መልስ፦ በቃ! ሁለታችሁም ዶሮዋን ረሳችኋት። ዶሮ ሲጮህ እኮ ገና ጨለማ ነው። መንጊያው ቀርቧል ነው ነገሩ። ለደብረ ብርሃን ዋናው የዝናብ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። መስከረም ላይ በጣም ይቀንሳል። አባቶች መዞሪያውን በትክክል አይተውታል። ዝናቡ ግን ሲወጣ በሩን ገጭ አድርጎ ነው የሚወጣው።

ስም የሌለው ጠያቂ፦ እኛ ሰፈር ግን ዛሬ ይዘንባል?

መልስ፦ ሰፈርህ ስም የለውም?

ገበሬ፣ ሰላ ድንጋይ፦ ትናንት ባቄላዬን በረዶ መታብኝ። ቆላ ያሉት ዘመዶቼ በረዶ የሚያዩት ከስንት አንዴ ነው። እኛን ለይቶ የሚመታን ለምንድን ነው?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። ከፍታህ ነው። በኛ ሰማይ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ከፍታ ከባሕር ወለል 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። በረዶው የሚሠራው ከዚያ በላይ፣ ደመናው ሆድ ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር እንክብሉን ያነሣዋል፣ ውሃ ያለብሰዋል፣ እንደገና ያነሣዋል። ሲከብደው ይለቀዋል። ደብረ ብርሃን ያለችው 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አንተም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ በረዶው በሞቃት አየር ውስጥ የሚወርደው 2,000 ሜትር ብቻ ነው፤ ለመቅለጥ ጊዜ የለውም። ሸዋ ሮቢት ለመድረስ ግን ከ3,500 ሜትር በላይ መውረድ አለበት። መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ያልቃል። የነሱ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ብዙ ጊዜ ያንተ በረዶ ነው።

ባቄላው ያገግማል አያገግምም ለሚለው የቀበሌህን የግብርና ባለሙያ ጠይቅ። እኔ ከመሬት በላይ ያለውን ነው የማውቀው።

ከመንዝ፦ ድሮ በረዶ የሚመልስ ደብተራ ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ ነው እንዲህ የተመታነው።

ከደብረ ሲና፦ ኧረ በናትህ! በረዶውን መልሶ የት ነበር የሚልከው? ወደኛ?

ከመንዝ፦ ሳቅ። እህል ይከፈለው ነበር፣ በከንቱ አልነበረም።

መልስ፦ እዚህ ውስጥ አልገባም። ቀጣይ።

የሚኒባስ ሹፌር፣ ደብረ ብርሃን–ሸዋ ሮቢት፦ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መቼ ይሻላል? ትናንት ከዋሻው ስወጣ የራሴን መብራት ማየት አቃተኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። እሱ ጉም አይደለም፣ ደመና ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲያገኝ መውጣት እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ጣሊያኖች ያንን ዋሻ የቆፈሩት ደመናው በሚሠራበት ከፍታ ላይ ነው። አንተ በደመና ውስጥ ነው የምትነዳው።

ሜዳ ላይ የሚተኛው የሌሊት ጉም ፀሐይ ስትበረታ ይጠፋል። ጣርማ በር ላይ ግን ፀሐይ ጠብቀህ አትገላገልም። ነፋሱ ከታች እስከገፋ ድረስ ደመናው ይታደሳል። ስለዚህ ሰዓት አትጠይቀኝ፣ ነፋስ ጠይቀኝ። ከመነሣትህ በፊት ደብረ ሲና ላለ ሰው ደውል። «ገደሉ ይታያል?» በለው። ካልታየ ቡናህን ጠጣ። ረጅሙን መብራት አታብራ፤ ደመናው መልሶ ዓይንህ ውስጥ ነው የሚረጨው።

አሁን ያለንበት ጊዜ ለገደሉም ክፉ ነው። አፈሩ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ጠግቧል። መስከረም 1998 በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን መሬት ሲንሸራተት፣ የተገፋው በአንድ ቀን ዶፍ ሳይሆን በተጠራቀመ ውሃ ነው። መንገድ ዳር አዲስ ስንጥቅ፣ ያጋደለ ዛፍ ወይም ካልነበረበት የሚፈልቅ ውሃ ካየህ አትቁም። እለፍና ለሚመለከተው ተናገር።

እናት፣ አጣዬ፦ ልጆቼ ትምህርት ሲከፈት ወንዝ ይሻገራሉ። እኛ ጋ ሳይዘንብ ወንዙ ይሞላል። እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወደ ላይ ተመልከቺ። ታች ፀሐይ ቢሆንም ደጋው ከጠቆረ ውሃው መንገድ ላይ ነው። ወንዙ ራሱም ይናገራል። ጠርቶ የነበረው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይ እንደ መኪና ያለ ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ልጆቹ ከወንዙ ይውጡ። ዕቃ ቢወድቅባቸው ተመልሰው እንዳያነሡ ንገሪያቸው። ደግሜ እላለሁ፦ ላይ ከጠቆረ ታች አትሻገሩ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ደረቅ ወንዝ ከሆነስ? በባጃጅ ቶሎ ሽው ብሎ ማለፍ አይቻልም?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ? ላይ ከጠቆረ ታች አትሻገሩ። ባጃጅም፣ ሲኖትራክም፣ በቅሎም።

ገበሬ፣ እነዋሪ፦ እኛ መረሬ አፈር ላይ ነን። ውሃው ሲተኛ መደብ አውጥተን በቦይ እናፈሳለን። ምስርና ሽምብራ ለመዝራት እያሰብን ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል ወይስ እንደ አምናው ነው?

መልስ፦ መቼ ትዘራለህ የሚለው የኔ ሥራ አይደለም። በዝቷል ወይ ለሚለው ግን፣ አምና ስንት ለካህ? አልለካህም። እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው! ሁሉም «በዝቷል፣ አንሷል» ይለኛል። ሚሊ ሜትር የሚነግረኝ የለም።

ስማኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር ላይ ሲወርድ 50,000 ሊትር ይሆናል። መደብህን ስታወጣ ይህን ሁሉ ነው የምታፈሰው። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ፈልግ። የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም፣ ታቹ ጎርባጣ ነው፣ አንገቱም ጠባብ ነው። ጣሳውን ገላጣ ቦታ ላይ እንዳይወድቅ አስረህ አቁመው። አጠገቡ ቤት ወይም ባሕር ዛፍ ካለ፣ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ራቅ። ጣሪያ ሥር ያስቀመጠ ሰው የሚለካው የቆርቆሮውን ውሃ ነው።

በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ ለካ። የአገሪቱ ጣቢያዎችም የሚለኩት በዚሁ ሰዓት ነው። ማስመሪያው ዜሮው ጫፉ ላይ መጀመሩን አረጋግጥ፤ ብዙዎቹ ትንሽ ገባ ብለው ነው የሚጀምሩት። ለካ፣ ጻፍ፣ ድፋ። ባይዘንብም «0» ብለህ ጻፍ። ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም! አንድ የማውቀው ሰው አንድ ጠዋት ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር ላከልኝ። ሰማዩ ሌሊቱን በኮከብ ነበር ያደረው። ለካ ልጁ እጁን የታጠበበትን ውሃ ነው የደፋበት። ስለዚህ ከልጆችና ከፍየል አርቀው።

አንድ ዓመት ከለካህ በኋላ «ዘንድሮስ?» ብለህ ብትጠይቀኝ ቁጭ ብለን እናወራለን።

ከእነዋሪ፦ እሺ ጋሼ። ግን በግምት በዝቷል?

መልስ፦ ጣሳ!

ከዓለም ከተማ፦ ኤልኒኞ ካለ ክረምቱ ይጎዳል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አዎ። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ የኛን ክረምት ይቀንሰዋል፤ 2007 ክረምት ላይ ያየነው ነው። ላኒና፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ማለት ነው፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ግን የወቅቱን ጠባይ እንጂ የነገን ከሰዓት አይነግርህም። ለዚያ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ ተከታተል።

ከአንጎለላ፦ ውርጭ ዘንድሮ ቀድሞ ይገባል?

መልስ፦ ጥቅምት ላይ ጠይቀኝ።

ወጣት፣ ደብረ ብርሃን፦ መስከረም 1 ግቢያችን ውስጥ ድግስ አለ። ፀሐይ ነው አይደል?

መልስ፦ ድንኳን ትከሉ።

እረኛ የነበርኩ፣ ግሼ ራቤል፦ ስልክ መብረቅ ይስባል ሲሉ እሰማለሁ። ማጥፋት አለብኝ?

ከደብረ ሲና፦ አዎ ይስባል! አጎቴ አይቷል።

መልስ፦ አይስብም። አጎትህን ሰላም በልልኝ። አደገኛው ሶኬት ላይ የተሰካ ስልክ ነው፣ መብረቁ በመስመሩ ይመጣልና። ቻርጀር ንቀል፣ ቴሌቪዥን ንቀል።

የሚገድለን ዛፍ ነው። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ሞትን መጥራት ነው። ከብቶች ተጠጋግተው ዛፍ ሥር ሲቆሙ በአንድ ምት የሚያልቁት ኃይሉ በመሬቱ ውስጥ ስለሚሰራጭ ነው። በፊትና በኋላ እግራቸው መካከል ብዙ ርቀት አለ፣ ኃይሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ሜዳ ላይ ከያዘህ እግርህን ገጥመህ ቁጢጥ በል፣ አትጋደም። ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ካገኘህ ግባ። ብልጭ ሲል ቁጠር። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳትደርስ ካጉረመረመ ውጭ አትቆይ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።

ከምንጃር፦ የሳተላይት ምስል የምናይበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። የአውሮፓው ሜቲዮሳት አፍሪካን በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ያነሣል፣ ምስሉም በነፃ ይታያል። ግን ነጭ ያየኸው ሁሉ ዝናብ አይደለም። ያ ምጣድ ያልኩት አናት ይሰፋና በሰፊው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከሥሩ ግን አብዛኛው ቦታ ደረቅ ነው። አንዱን ምስል ብቻ አትይ። አራት አምስቱን አከታትለህ ወዴት እንደሚሄድ እይ።

ስም የሌለው ጠያቂ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ቦታ ረስቼ ነው። ደብረ ብርሃን ነኝ። ዛሬ ማታ ይዘንባል?

መልስ፦ ደብረ ብርሃን ሆነህ ነው ቀኑን ሙሉ የጠየቅኸኝ? መስኮት ክፈት። በአንኮበር በኩል ጠቁሯል፣ አሁን ብልጭ ብሎ እስኪያጉረመርም 14 ቆጠርኩ። ቻርጀሬን ነቅያለሁ፣ ባትሪዬም እያለቀ ነው። የቀሩትን ነገ ጣሳዬን ካየሁ በኋላ እመልሳለሁ።