የጥርስ ሐኪሙ ጠበቃ ማስጠንቀቂያ ለላከባት እህት

እህቴ፣ የጥርስ ሐኪሙን ከነስሙና ከነፎቶው ፌስቡክ ላይ ስለለጠፍሽው ጠበቃው «በስም ማጥፋት እንከስሻለን» ብሎ እንደጻፈልሽ ነግረሽናል፤ ፖስቱን ላጥፋው ወይስ ልተወው ነው ጥያቄሽ። አዲስ አበባ በጥብቅና ስሠራ ለከሳሽም ለተከሳሽም እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዣለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ዋናው የጻፍሽው ቃል ነው። «ጥርሴን ከነቀለልኝ በኋላ መንጋጋዬ አብጦ ሌላ ክሊኒክ ታከምኩ» ብትዪ የደረሰብሽን ነው የተናገርሽው፤ በካርድና በደረሰኝ ይረጋገጣል። «ሌባ ነው፣ ምኑን ሐኪም ሆነ» ካልሽ ግን አደጋው እዚያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2109 ሰውን በሙያው ችሎታም ታማኝነትም የለውም ማለትን የሞራል ካሳ (በገንዘብ ለማይለካ ጉዳት የሚከፈል ካሳ) ከሚያስከፍሉት ስም ማጥፋቶች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የተናገርሽው እውነት ከሆነ በቁጥር 2047 መከላከል ትችያለሽ፤ ማስረዳቱ ግን የአንቺ ፋንታ ነው። ሰውየውን ለመጉዳት ብቻ ብለሽ እንደጻፍሽ ከተረጋገጠ ደግሞ እውነትነቱም አያድንሽም።

የሞራል ካሳው ከ1,000 ብር አይበልጥም (ሕጉ የ1952 ዓ.ም. ነው) እያለ ክሱን የሚንቅ ብዙ ነው። ሐኪሙ ታካሚ ቀረብኝ ብሎ ያጣውን ገቢ ከጠየቀ ግን ያ ጣሪያ አይገድበውም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወንጀሉ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም የገንዘብ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱንም ያስቀጣል። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቷል የሚሉሽ ካሉ፣ እሱ የተጻፈው ለመገናኛ ብዙኃን ነው፤ በግል ገጽሽ ለለጠፍሽው እሱን ተማምነሽ አትቀመጪ። ደግነቱ ወንጀሉ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ስለሆነ ሐኪሙ ካላመለከተ ክስ አይመጣም። ለመነጋገር ገና ጊዜ አለሽ ማለት ነው።

ዛሬውኑ ፖስቱን ከነኮሜንቱ ስክሪንሾት አንሺና አስቀምጪ። ከዚያ ስድቡንና ፎቶውን አውጪ፤ የደረሰብሽን ብቻ ተዪ። ሰው ከሥሩ የጻፈውንም ስድብ አጥፊ፣ ደብዳቤውንም አትለጥፊው። መልሱ በጽሑፍ፣ በጠበቃ ይሂድ።

ዝም በይ እያልኩሽ አይደለም። ያመመሽ አንቺ ነሽ፤ የታከመ ሰው የደረሰበትን መናገር አለበት፣ ሌላውም ታካሚ የሚጠበቀው በዚህ ነው። የካርድሽን ኮፒና ራጅሽን ይዘሽ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ዘንድ አቤት በይ። ሕክምናው ስህተት ነበር አልነበረም የሚለውን የሚመዝኑት የሙያው ሰዎች ናቸው፤ ውሳኔያቸው ለአንቺ ከሆነ ፍርድ ቤት ከሺህ ላይክ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ክሊኒኩ ካርድሽን አልሰጥም ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የማመልከቻውን አጻጻፍ አሳይሻለሁ።