ኢናላፕሪል ከመጀመራቸው በፊት ፌስታሉን ይዘሽ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ደም ብዛት አለብሽ ተብላ ኢናላፕሪል 5 ሚሊግራም ታዘዘላት። ነገ ልትጀምር ነው፤ ምን እንጠንቀቅ?» ነው ያልሽው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህንኑ ኪኒን ጀምሬ በሐኪም ትእዛዝ የቀየርኩ፣ ከደም ብዛት ጋር ስድስት ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። የምጽፍልሽ በራሴ ላይ የደረሰውንና ፋርማሲስቱ ያስረዳኝን ነው።

መጀመሪያ የፌስታሉን ነገር ልንገርሽ። መድኃኒቱ ሲታዘዝልኝ ሐኪሙ «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ብሎኝ ነበር። «ምንም» አልኩ። ልዋሽ ብዬ አይደለም። ለጉልበቴ የምውጠው ዳይክሎፌናክ እንደ መድኃኒት አልታየኝም። ከሰፈር ያለ ማዘዣ እየገዛሁ፣ ብርድ ሲሆን በቀን ሁለቴ እውጠዋለሁ። ግፊቴ ታዲያ ኪኒን እየወሰድኩም አልወርድ አለ። በመጨረሻ እህቴ ተቆጥታ ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ ፋርማሲ ወሰደችኝ። ፋርማሲስቱ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የጨጓራው አለ፣ የቫይታሚኑ አለ፣ የሽፈራው ዱቄት ሳይቀር አለ። ከመሃል ዳይክሎፌናኩንና ከልጄ የተረፈውን አይቡፕሮፌን ለይቶ ወደ ጎን ገፋቸው። «ኢናላፕሪሉ ግፊትሽን ሊያወርድ ይሞክራል፣ እነዚህ ደግሞ መልሰው ያወጡታል። ላንቺ ኩላሊት ደግሞ አብረው ሸክም ናቸው» አለኝ። ለጉልበቴ ፓራሲታሞል ተባልኩ። እንደ ዳይክሎፌናኩ ባያሽረኝም ተቀበልኩ።

ስለዚህ እናትሽ ያላቸውን ሁሉ ሰብስቢ። የሀገር መድኃኒቱንም አትተዪ። የሽንት ኪኒን፣ ማለትም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ የሚወስዱ ከሆነ በተለይ ተናገሩ። ከሱ ጋር የመጀመሪያው ኪኒን ግፊቱን ከሚገባው በላይ ሊጥለው ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊግራም ባነሰ ነው የሚጀመረው። ከሽንት ኪኒኖቹ ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ደግሞ ፖታሲየም ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ኢናላፕሪልም እንደዚያው ነው። ደም ውስጥ ፖታሲየም ከበዛ የልብ ምት ያዛባል። ከውጭ ዘመድ የሚልከው «ለደም ብዛት የሚሆን ጨው» አለ አይደል? አብዛኛው ሶዲየሙ ተቀንሶ በፖታሲየም የተተካ ነው። ደግ የሰራን መስሎን ነው የምናበላቸው። ካለ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ወጥ ውስጥ አይግባ።

ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው። ክሬአቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው) እና ፖታሲየም ታይቶላቸው እንደሆነ ጠይቂ። ከመጀመራቸው በፊት አንዴ፣ ከጀመሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ እንደገና መታየት አለበት። ካልታየ «ይታይልን» ማለት ነውር የለውም።

የማትለፊው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ከዚህ በፊት ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው ወይም ፊታቸው ድንገት አብጦ ያውቃል? በተለይ በመድኃኒት? አዎ ካሉ፣ ለሐኪሙ ሳይነገር አንድም ኪኒን አይዋጥ። ይህ እብጠት ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ግን በእኛ በጥቁሮች ላይ ከሌላው ሕዝብ ይበዛል። ከጀመሩ በኋላ ካበጡ ወይም መተንፈስ ከከበዳቸው መድኃኒቱን አቁመው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም። በመጀመሪያው ቀንም፣ ከወራትም በኋላ ሊመጣ ይችላል።

እኔን ያስቆመኝ ግን እብጠት ሳይሆን ሳል ነው። ደረቅ፣ አክታ የሌለው፣ ሌሊት ጉሮሮ የሚኮረኩር። ሦስት ወር ሙሉ ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ መሃል ስስል ሰው ዞሮ ያየኝ ጀመር። ኋላ ለሐኪሙ ስነግረው ኪኒኑ መሆኑን ወዲያው አወቀ። አምሎዲፒን ወደሚባል ሌላ የግፊት ኪኒን ቀየረልኝ፤ ሳሉ በሦስት ሳምንት ጠፋ። እናትሽን ካሳላቸው አይደንግጡ፣ ግን በራሳቸውም አያቁሙ። ይናገሩና ይቀየርላቸው።

ስለ መጀመሪያው ቀን፦ ማታ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ። ጠዋት ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሱ። እኔ ዘልዬ ተነስቼ አዙሮኝ ቁም ሳጥን ይዤ ነው የተረፍኩት።

ጾም የሚጾሙ ከሆነም ይናገሩ። ያለ ውሃ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት፣ ወይም ተቅማጥና ትውከት፣ ሰውነትን አድርቆ ግፊቱን ሊጥል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ሲያማቸው ኪኒኑን ለጊዜው ይተዉት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በሽታው ከመጣ በኋላ ማን ደውሎ ይጠይቃል?

አንድ ነገር ላንቺም። ከሳቸው ቆርሰሽ እንዳትሞክሪ። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ፅንሱን ይጎዳል። «የኔም ራሴን ከበደኝ» ብላ ከእናቷ ኪኒን የወሰደች ጎረቤት ስለማውቅ ነው።

ደግሞ ዛሬ ማታ ግፊታቸውን ለኪና ጻፊው። ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይለፍ፣ ሽንት ቤት ይሂዱ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እግር ሳይነባበር፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ። ያን ቁጥርና ፌስታሉን ይዛችሁ ነገ ፋርማሲ ግቡ። ምን እንዳሏችሁ እዚሁ ጻፊልን።