የጠፈር ሐኪም መሆን ለምትፈልገው የባሕር ዳር ተማሪ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሕክምና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጠፈር ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሰዎችን የማክም ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «አበድሽ እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አላበድሽም። መራራውን ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ናሳ ለጠፈርተኛነት የሚቀበለው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው። ስለዚህ «እበራለሁ» ብለሽ አትነሺ። ደግነቱ፣ የጠፈር ሕክምና በአብዛኛው የሚሠራው እዚሁ መሬት ላይ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። በ2020 እ.ኤ.አ. አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ታሪክ አለ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ለጥናት ተብሎ የአንድ ጠፈርተኛ አንገት በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ደም ሥሩ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ሕመም የሚባል አልነበረውም። ሐኪሞቹ ያሉት መሬት ላይ ነው። ጣቢያው ውስጥ ደም የሚያቀጥን መርፌ ቢኖርም ጥቂት ነበር። መጠኑን ቀንሰው አብቃቁት። በ42ኛው ቀን የጭነት መንኩራኩር ኪኒን ይዞ ደረሰ።

ወደ ማርስ ለሚሄድ ሰው ግን ኪኒን የሚያደርስለት የለም። መልእክት ብቻውን ለመድረስ 20 ደቂቃ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ መልሱም ሌላ 20። ልቡ የቆመ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም። እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ለዚህ ነው። የቱ መድኃኒት? ስንት? ማን ይወጋል? ሁሉም ሳይነሡ ማለቅ አለበት።

አሁን ደቅ ደሴት ላይ ያለች ነርስን አስቢ። ሌሊት ነው፤ ምጥ የጸናባት እናት መጥታለች፤ ጣና ተናውጧል፤ ጀልባ የለም። ባላት መሣሪያ፣ ኔትወርክ ካለም ሐኪም በስልክ እየጠየቀች ታድራለች። የአንቺ ሙያ ይኼው ነው፤ ርቀቱ ነው የሚለየው።

እና አልትራሳውንድ አሁኑኑ ልመጂ። ጠፈር ጣቢያው ላይ ሲቲ ስካንም ኤምአርአይም የለም፤ በሽታ የሚታየው በሱ ነው። ኢንተርን ስትሆኚ ሌላው የሚሸሸው ድንገተኛ ክፍል ላይ ሙጭጭ በይ። ለስፔሻሊቲ ድንገተኛ ሕክምናን ወይም ሰመመንን አስቢ። አጥንት ከወደድሽም መንገድ አለ፤ ክብደት በሌለበት ክብደት ተሸካሚ አጥንቶች በወር 1 በመቶ ያህል ይሳሳሉና።

የመመረቂያ ጥናትሽን ደቅ ላይ ብታደርጊው ደስ ይለኛል፤ ለምሳሌ ነርሷ በስልክ እየተመራች አልትራሳውንድ ማንሳት ትችላለች ወይ? የሚል። የጀልባውን መነሻ ሰዓት ግን ቀድመሽ ጠይቂ። እኔ አንዴ አምልጦኝ ግማሽ ቀን ወደቡ ላይ ቡና ስጠጣ ውያለሁ።