ንግሥት ተለዋውጦ ማምለጥ አለ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቼዝ ሬቲንጌ (የጥንካሬ መለኪያ ነጥቤ) 1500 ነው። በቅርቡ በተጫወትኩበት ውድድር ገና በመጀመሪያው ዙር 1900 ያለው ሰው ደረሰኝ። ፈርቼ ንግሥቱንም ሩኮቹንም ቶሎ ቶሎ ተለዋወጥኩ። አንድ ወታደር ሳልከስር ቆይቼ መጨረሻ ላይ ተሸነፍኩ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ደግሞ ሁልጊዜ ጠንካራው ለምን ለእኔ ይደርሰኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዕድልህ ጠሞ አይደለም። ስዊስ ሲስተም ላይ (ተሸናፊ ሳይወጣ ሁሉም በየዙሩ በሚጫወትበት ውድድር) ተጫዋቾች በሬቲንግ ተደርድረው ለሁለት ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ዙር የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር ይገጥማል። አንተ የታችኛው ውስጥ ነህ፣ በቃ።

ስህተትህ ግን መለዋወጡ ነው። ባለ 1900ው ካንተ አብዝቶ የሚበልጠው ቦርዱ ሲራቆት ነው። ንግሥቱን ስታወጣለት ድንገት የመመታት ስጋቱን አነሳህለት። ከዚያ በኋላ ተደላድሎ እስኪመሽ ያሽሃል። ነገሩ ውስብስብ ሆኖ ይቆይ፣ እሱም ሰዓቱን እያየ ይጨነቅ።

እኔም አንዴ እንዳንተው ሁሉን ተለዋውጬ ጉድ ሊፈላብኝ ነበር። እሱ ነጭ ነው፤ ቢሾፕና ሁለት ወታደር አለው፣ ጂ እና ኤች በሚባሉት ዓምዶች ላይ። እኔ ፈረስ ብቻ። ሰውዬው ኮቱን ለብሷል። ፈረሴን ጂ 4 ላይ ላለው ወታደር ሰጠሁት። ሳቅ ብሎ በቢሾፑ በላው። ከዚያ ንጉሤን ኤች 8 ጥግ ላይ ከተትኩት። የቀረው የኤች ወታደር ንግሥት የሚሆንበት ያ ቤት ጥቁር ነው፤ የእሱ ቢሾፕ ደግሞ የሚሄደው በነጭ ቤቶች ብቻ። ንጉሤን ከጥጉ የሚያስለቅቀው ነገር የለም። ጠጋ ሲል መሄጃ አጣለሁ፣ ቼክ ግን አልተባልኩም፤ እኩል ነው። ኮቱን አውልቆ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ቃል ሳይተነፍስ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

የ400 ልዩነት ሲኖር በፊዴ (በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ስሌት ካንተ በአንድ ጨዋታ የሚጠበቀው 0.08 ነጥብ ነው። እኩል መውጣት ደግሞ 0.5 ነጥብ ነው። ስለዚህ ኬህ (ልዩነቱ የሚባዛበት ቁጥር) 20 ከሆነ በአንድ እኩል 8.4 ሬቲንግ ታገኛለህ። የጥጉን አጨራረስ ዛሬ ማታ ቦርድ ላይ ደርድረው፣ ኤች 8ን ከቢሾፑ ቀለም ጋር እያየህ። ቢሾፑ በጥቁር የሚሄድ ከሆነ ግን ፈረስህን እንዳትሰጥ፣ አለቀልህ።