ቢሮ በየዓይነቱ፣ ቤት እንቁላል

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር የሚደርሱን ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? እስከ ስንት ሰዓት ነው? የጾም ኬክ በእርግጥ የጾም ነው? ዘንድሮ ግን ሦስት አንባቢዎች ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ጻፉልን። የሚያደርጉትን ያውቃሉ፤ የጨነቃቸው ለምን እንደሚያደርጉት ነው። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ቀኖናም አልሰጥም። የማስበውን ግን ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም ጾመኛ ነው፣ አለቃችንም ጭምር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን አብረን ነው የምንበላው። እኔም በየዓይነቱ አዝዤ ከእነሱ ጋር እበላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን እንቁላል እጠብሳለሁ፣ ወተትም እጠጣለሁ። ብቻዬን ስለምኖር የሚያየኝ የለም። መጀመሪያ ጨጓራዬን አሞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኝም ቀጠልኩበት። ሰዎቹ ግን "አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ" እያሉ ያሞግሱኛል። ባለፈው አዲስ የገባችውን ልጅ "ጾም ከእሷ ተማሪ" አሏት። የምገባበት ጠፋኝ። በግልጽ እንዳልበላ ደግሞ "ጴንጤ ሆነች እንዴ?" ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። ከነጭራሹ ብተወው አይሻልም? ቢያንስ ግብዝ አልሆንም።

መልስ፦ እህቴ፣ እንቁላሉን ለጊዜው እንተወውና ከሐናንያና ከሰጲራ እንጀምር። ታሪኩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ነው። ባልና ሚስቱ መሬታቸውን ሸጡ፤ ከዋጋው ላይ አስቀሩና የተረፈውን ሁሉንም እንደሰጠ ሰው ሆነው ለሐዋርያት አመጡ። ሁለቱም በዚያው ቀን ሞቱ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ገንዘብ በማስቀረታቸው የተቀጡ ይመስለዋል። ጴጥሮስ የተናገረውን ግን ተመልከቺ፦ መሬቱ ሳይሸጥ የአንተ አልነበረም ወይ? ከተሸጠ በኋላስ ገንዘቡ በእጅህ አልነበረም ወይ? ማንም አላስገደደውም ማለት ነው። ግማሹን ይዞ መጥቶ "ግማሹን አምጥቻለሁ" ቢል ኖሮ ተመስግኖ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። የጣለው ውሸቱ ነው።

ያንቺም ነገር እንደዚያ ነው። እንቁላል መብላትሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። እንቅልፍ የሚነሳሽ ያልጾምሽውን ጾም ምስጋና መቀበልሽ ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ "ግብዝነት" ስላልሻቸው መፍትሔው ሁሉንም መጣል መሰለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስለጾመ አብሮ መጾም በራሱ ነውር አይደለም። የኛ ጾም የጋራ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሉካንዳ ቤቱን ያዘጋል፣ ካፌውን የጾም ማኪያቶ ያስፈላል፣ ሰርገኛውን ቀን ያስቆርጣል። ነነዌን አስቢ፦ ንጉሡ ማቅ ለበሰ፣ ሕዝቡ ጾመ፣ ከብቶቹ ሳይቀሩ እህል ውኃ እንዳይቀምሱ ታወጀ። በሬው በግሉ አምኖበት ነው የጾመው እንዳትዪኝ! ያም ሆኖ እግዚአብሔር ከተማይቱን ማረ፤ በመጨረሻም ለዮናስ ሲመልስለት ከብቶቹን ሳይቀር ጠቀሳቸው። ስለዚህ እናትሽ ስለጾመች ጀመርሽ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለጾመ ቀጠልሽ፤ ይሁን። ልማድ ሰውን ብዙ ርቀት ይወስዳል። እስከ መጨረሻው ግን አይወስድም። ብቻሽን የሆንሽበት ሰዓት ይመጣል፤ ላንቺ ያ ሰዓት ማታ ማታ ነው።

ጌታ በማቴዎስ 6 ስለ ምጽዋት፣ ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ሲናገር ሦስቱንም ለታይታ የሚያደርጉትን ወቀሰ። ለአንዱም ግን "እንግዲያውስ ተዉት" አላለም። "በርህን ዝጋ፣ ፊትህን ታጠብ፣ ግራህ የቀኝህን አትወቅ" ነው ያለው። አንቺ ደግሞ በር ዘግተሽ የምታደርጊው ተገላቢጦሹ ሆነ።

"ከነጭራሹ ልተወው" የሚለው ሐሳብሽ ቅንነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እጠራጠረዋለሁ። በዘመናችን አዲስ ዓይነት ፈሪሳዊ መጥቷል፤ "እግዚአብሔር ሆይ፣ እንደነዚህ አስመሳይ ጾመኞች ስላላደረግኸኝ አመሰግንሃለሁ" የሚል። አይጾምም፣ አይጸልይም፣ አይመጸውትም፤ በዚህም ይኮራል። ከአንዱ መድረክ ወርዶ ሌላው ላይ ወጣ እንጂ ከታይታው አልወጣም።

ሙሴ ጸሊምን ታውቂው ይሆናል፤ በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ፣ በአስቄጥስ የኖረ፣ ከሽፍትነት ወደ ምንኩስና የመጣ አባት ነው። አንድ ጊዜ መነኮሳቱ ሁሉ ሳምንቱን እንዲጾሙ ታዘዘ። በዚያው ሳምንት እንግዶች ከሩቅ መጡበት። እሱም እሳት አንድዶ ትንሽ ነገር ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጭሱን አይተው "ሙሴ ትእዛዝ አፈረሰ" ብለው ተናገሩ። አበው ግን ሲሰበሰቡ በሁሉም ፊት "የሰውን ትእዛዝ ባትጠብቅም የእግዚአብሔርን ጠብቀሃል" አሉት። ሰዎች በዚህ ታሪክ የሚያደንቁት እንግዳ ተቀባይነቱን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ጭሱ ነው። ሊደብቀው አልሞከረም። ለምን እንዳደረገው ያውቅ ነበርና ማን አየኝ ብሎ አልተጨነቀም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ ንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። ጨጓራሽንም እንቁላሉንም ንገሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን፣ ነፍሰ ጡርን፣ የምታጠባ እናትን እንደ አቅማቸው ነው የምታየው፤ ይህን የሚወስኑልሽ ግን እሳቸው ናቸው፣ ራስሽ ዳኛም ሐኪምም አትሁኚ። ከፈቀዱልሽ ያለ ሐፍረት ብዪ። ካልፈቀዱልሽም በአንድ ሌሊት ባሕታዊ ለመሆን አትሞክሪ፤ ተማክረሽ ከምትችዪው ጀምሪ። ረቡዕ ጌታን ሊይዙት የተማከሩበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን መሆኑን አስበሽ፣ ማንም ሳያይሽ የምትጾሚው አንድ ዓርብ እስካሁን በቢሮ ከጾምሽው ሁሉ ይከብድሻል። ይከብዳል፣ ግን ያንቺ ነው። ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ መብልና ስለ ቀን ሲጽፍ እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ ያለው ለዚህ ነው። በ29 ዓመትሽ "ለምን እጾማለሁ?" ለሚለው የራስሽ መልስ ቢኖርሽ ጥሩ ነው፤ አጭር ቢሆንም።

ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ጠርተሽ እንዳትናዘዢ ደግሞ። ሲያሞግሱሽ "ኧረ እኔ እንደምታስቡት አልጸናሁም" በይና ወሬ ቀይሪ። ለአዲሷ ልጅ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርጊላት። ካንቺ ተማሪ ተብላለችና የምትማረው እውነቱን ይሁን። "ጴንጤ ሆነች" ቢሉሽስ? ይበሉ። (ጴንጤዎቹም እኮ ይጾማሉ፤ አጿጿሙ ይለያይ እንጂ።) ማታ የማትጠብሺውን እንቁላል ዋጋ ደግሞ አስቢው፤ አሁን እንቁላል እንደ ድሮው ርካሽ አይደለም። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው ይላል። የግቢያችሁ ዘበኛ እራቱን በልቶ ይሆን? ስትሰጪው ግን ፎቶ አይኑር።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከሪያድ ነው። ሰው ቤት እሠራለሁ። እዚህ የምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ማዳም "ለምን ሥጋ አትበዪም?" ስትለኝ "ሆዴን አሞኛል" እላለሁ። ማዕተቤን ፈትቼ ሻንጣዬ ውስጥ ደብቄዋለሁ። "በሰው ፊት የሚክደኝን እክደዋለሁ" የሚለውን ሳስታውስ አለቅሳለሁ። ክጄዋለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልካድሽም እህቴ። "አላውቀውም" አላልሽም። ለደኅንነትሽ ዝም ማለትና መካድ ይለያያሉ።

በዐቢይ ጾም ውስጥ ሰባተኛው ሳምንት በማን ስም እንደሚጠራ ታውቂያለሽ? በኒቆዲሞስ። ሰው እንዳያየው በሌሊት ወደ ጌታ የሄደው ሰውዬ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን "ፈሪ ነበር" ብላ አልጣለችውም፤ እሑድ ሰየመችለት። የአርማትያሱ ዮሴፍም እንደዚያው ነበር፤ ወንጌላዊው ዮሐንስ አይሁድን ስለ ፈራ በስውር ደቀ መዝሙር ነበር ብሎ ነው የጻፈው። ቀኑ ሲደርስ ግን፣ በግልጽ ሲከተሉት የነበሩት አብዛኞቹ ሲሸሹ፣ ሥጋውን ከጲላጦስ ለምኖ ያወረደው ዮሴፍ ነው። ኒቆዲሞስም መቶ ነጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ተሸክሞ መጣ። ያን ያህል ሸክም በልብስ ስር አይደበቅም።

"ሆዴን አሞኛል" የምትለዋን ግን ብትተያት ደስ ይለኛል። "ዛሬ ሥጋ አልበላም" ይበቃል። ማዳም ደግ ሰው ከሆነች በዐረብኛው "ሳይማ ነኝ" (ጾመኛ ነኝ) ብትያት ራሷ ረመዳንን የምትጾም ናትና ካሰብሽው በላይ ልትረዳሽ ትችላለች። አስቸጋሪ ከሆነች ግን ዝም በይ። ያንን ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እዚህ ተመቻችቶ የተቀመጠ ሰው ሊያስገድድሽ አይገባም፣ እኔም ጭምር። ማዕተቡ ሻንጣ ውስጥ ይቆይሽ። ከላይ የጻፈችልን እህትሽ የጎደላት ነገር አንቺ ጋ ሞልቷል፤ ጾምሽን የሚያጨበጭብለት አንድም ሰው የለም፣ አንቺ ግን ትጾሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ 58 ዓመቴ ነው፣ ነጋዴ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ በማይክ ስም እየተጠራ ነበር። ጎረቤቴ "30 ሺህ" አለ። እኔ ደሜ ፈላና "50 ሺህ!" አልኩ። እልልታው ቀለጠ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አኮረፈችኝ፤ ለልጃችን ትምህርት ያሰብነው ገንዘብ ነበር። 20 ሺሁን ከፍያለሁ። በእልህ የገባሁትን ቃል መክፈል ይገባኛል? እግዚአብሔርስ ይቀበለዋል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከእልልታው በፊት ባለቤትዎን ይቅርታ ይጠይቁ። ገንዘቡ የሁለታችሁ ነው፤ የሰጡት የእሳቸውን ድርሻ ጭምር ነበር።

ቃሉን በተመለከተ መክብብ 5 ተስሎ ከማይፈጽም ባይሳል ይሻላል ይላል። ስለዚህ ቀሪው 30 ሺህ እዳዎ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ግን በአንድ ቀን ይከፈል ያለ የለም። ለኮሚቴው የልጅዎን ጉዳይ ገልጸው ቀስ እያሉ ይጨርሱት። ሰዎች ናቸው፣ ይገባቸዋል። ቆርቆሮው በእልህም ተገዛ በፍቅር ከዝናብ መከላከሉ አይቀርም። የርስዎ ድርሻ የቀረውን ብር ሲሰጡ ሐሳቡን መለወጥ ነው፤ የመጀመሪያው ለጎረቤትዎ ነበር፣ የቀረው ለማን እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

ኮሚቴዎችንም አንድ ነገር ልበላቸው። ማይኩ ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ብሏል። ሰው በጎረቤቱ ፊት ስሙ ተጠርቶ፣ ዲያቆኑ ማይክ አፉ ላይ ደቅኖበት፣ በልቡ የሚያስብበት ሰዓት ከየት ያመጣል? የጨረታ አዳራሽ እኮ አይደለም።

ለሚቀጥለው ጊዜ ጋሼ፣ ሙዳየ ምጽዋት በሩ ላይ አለ፤ ስም አይጠይቅም። ደረሰኝ ካስፈለገና መዝገብ ላይ መስፈር ግድ ከሆነ የክርስትና ስምዎን ይስጧቸው። በማይክ ቢነበብ እንኳን ጎረቤትዎ ማን እንደሆነ አያውቅም። የባለቤትዎንም የክርስትና ስም አጠገቡ ያስጽፉ፤ መጠኑን ግን በቅድሚያ ቤት ተነጋገሩበት።